የቆሎ ተማሪው ሐዲስ ዓለማየሁ

እጩ መምህራን ሆይ! የአንድ ታላቅ ሰው ስም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምናስታውሰው የደረሰበትን ነው። የተነሣበትን እንረሳዋለን። ሐዲስ ዓለማየሁ ሲባልም ቶሎ ትዝ የሚለን በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ የምናነሣው ግን ተማሪውንና መምህሩን ሐዲስን ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ከተማ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት እንደ ዘመኑ ልጆች በቤተ ክህነት ነው። ከዚያም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ተማሩ። ዲማ ለብቸና ቅርብ ነው። ከብቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰውም ደብረ ወርቅን በመንገዱ ያገኘዋል። ማለት እኛ ነገ ልናስተምርበት የምንችለው አገር ነው።

የዚያን ጊዜ ተማሪ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል። ቀን በየመንደሩ እየዞረ ቁራሽ ይለምናል፣ ከውሻ ጋር ይታገላል። ማታ ከጓደኞቹ ጋር በሠራት ጎጆ ተኝቶ የተማረውን ያሰላስላል። ታዲያ ይህ ሁሉ መከራ ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ በሩ ለድሀ ልጅ አልተዘጋም። እናት አባት የሌለው ይማራል። ዓይነ ስውሩም በጆሮው እየሰማ ዜማና ቅኔ ያውቃል። በዕድሜና በትምህርት ከፍ ያለው ታናሹን ያስጠናል። እጁን የሚያሠለጥንም ነበር፤ ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ መጽሐፍ መጻፍንና መደጎስን የተማረ ሰው እንጀራውን ይቆርስበታል። እርግጥ ነው፣ ደብር አጥቶ ዕድሜውን ሲንከራተት የሚኖርም ነበር። ዕውቀት ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን የቆሎ ተማሪ ከማንም በፊት ያውቃል።

ሐዲስ በዚህ አላበቁም። አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊውን ትምህርት ጨመሩበት። ይኸን ሁሉ ከተማሩ በኋላ ግን ከተማ ውስጥ አልቀሩም፤ ወደ ጎጃም ተመለሱ። በዳንግላ በጉምሩክ ሠሩ፤ በደብረ ማርቆስም አስተማሩ፣ ትምህርት ቤት መሩ። ልብ በሉ! ቅኔውንም ዘመናዊውንም የሚያውቅ መምህር በዚያ ዘመን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

ምን ይደረግ፣ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ወረረ። ወጣቱ መምህር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱና በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ከግዞት የተለቀቁት በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወክለው ሠሩ።

በዲፕሎማትነት ዘመናቸውም የተማሪ ቤት ነገር ከልባቸው አልወጣም። በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። በ1950ዎቹ መጀመሪያም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። አንድ ጊዜ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ልጅ የአገሩን ትምህርት ለመምራት በቃ ማለት ነው። በልብ ወለዳቸውም ውስጥ ዋናው ሰው በዛብህ ባለጸጋ ወይም ጦረኛ አይደለም፤ የድሀ ገበሬ ልጅ፣ የቅኔ ሰው፣ መምህር ነው። የሚመላለስበትም አገር ያው ዲማ ነው። ደራሲው በኅዳር 1996 ዓ.ም. አረፉ።

ይህን ታሪክ ለምን አነሣነው? ዛሬ ከብቸናና ከሞጣ ዙሪያ ገጠር ወደ ከተማ የሚመጣ ተማሪ አኩፋዳ አይዝም። ድርቆሹንና በሶውን ተሸክሞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል። የ2014 ዓ.ም.ን አገር አቀፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት ሄዱ? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። ትምህርትም ሙያም ያልያዘ ወጣት ወይ ለስደት ይነሣል፣ ወይ መንገድ ዳር ይቀራል፤ ከዚያ የከፋም አለ።

እንግዲህ ለእኛ የሚቀረን ሥራ ግልጽ ነው። የድሮው ተማሪ ቤት ድሀውን ልጅ ከበር አልመለሰም፤ እኛም አንመልስ። የወደቀውን ተማሪ ሰነፍ ብለን ከመሸኘት በፊት እጁ ምን መሥራት እንደሚወድ እንጠይቀው፤ ወደ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሚወስደውንም መንገድ እናሳየው። ግንበኛው፣ እንጨት ሠሪውና መካኒኩ የተረፈ ተማሪ ሳይሆኑ ባለሙያ መሆናቸውን መጀመሪያ እኛ መምህራኑ እንመን። በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የምናየው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ከወዲሁ ማን ያውቃል? በደብረ ወርቅ ደጅ ደበሎ ለብሶ ሲያልፍ የነበረውን ሕፃን ሚኒስትር ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም። መምህሩ ግን አስተማረው።