ዳግማዊ ምኒልክና የጠረፍ መንገድ

ተማሪዎች ሆይ፤ ከመንዝ ጓሳ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ፣ ምድሩ ከእግራችሁ ሥር ተቆርጦ ሲወርድ፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ቆላ ተዘርግቶ ታያላችሁ። ይህ ገደል ለዘመናት የሸዋ አጥር ነበረ። ግመል በቆላው ጉዞ ተወዳዳሪ የለውም፤ ዳገቱንና ብርዱን ግን አይችልም። ስለዚህ ከታጁራ ወደብ የተነሣ ነጋዴ አፋርን አቋርጦ ፋሬ ሲደርስ ጭነቱን ከግመል አራግፎ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ወደ ደጋው ያወጣ ነበር። ጭነት የሚራገፍበትን ስፍራ የያዘ ገዥ ቀረጡን ይሰበስባል፤ ጠመንጃውንም ከሌላው ቀድሞ ያገኛል። ከመንዝ የተነሡት የሸዋ ገዦች ወደ ይፋት ጠርዝ ወርደው አንኮበርን መናገሻ ካደረጉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ ገበያ ጨው፣ ጨርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይለዋወጡ ነበር፤ መሸሸግም አይገባምና፣ በዚያው መንገድ ሰውም በባርነት ተሽጦ ይወርድ ነበር።

ምኒልክ የተወለዱት በዚሁ አገር፣ በአንጎለላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል እስከ መዋዋል የደረሱ ገዥ ነበሩ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ሕፃኑ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ።

አዲሱ ንጉሥ ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ጠመንጃ ነበር፤ ጠመንጃ ደግሞ ከባሕር ይመጣል። የምፅዋ በር በሌሎች እጅ ስለ ነበረ የቀራቸው የአፋር በረሓ ብቻ ነው። ይህ መንገድ ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ለመረዳት የፈረንሳዊውን የአርተር ራምቦን ታሪክ ልብ በሉ። ቅኔን ትቶ ነጋዴ የሆነው ይህ ሰው በ1879 ዓ.ም. ጠመንጃ አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ አራት ወር ያህል ተጉዞ አንኮበር ሲደርስ ግን ንጉሡን አላገኛቸውም። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ነበርና እስከዚያ መከተል ግድ ሆነበት፤ ዕቃውንም ካሰበው ባነሰ ዋጋ ሸጦ ተመለሰ። የተመለሰውም በመጣበት በረሓ ሳይሆን በሐረር በኩል ነው። ምኒልክ በዚያው ዓመት በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበርና አንኮበር ከዚያ በኋላ ብቸኛው በር መሆኑ ቀረ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. መሆኑን አትርሱ።

በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው ከሥሩ ባለው ሜዳ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡር በደረሰበት በዚያ ሜዳ ላይ ድሬ ዳዋ ተመሠረተች። የጥንቱ የሐረር ንግድ ወደ እርስዋ ወረደ፤ የዘይላ ወደብም ለጅቡቲ ቦታውን ለቀቀ።

ነገር ግን ሐዲድ እንደ በቅሎ መንገድ ለገባሩ ብቻ የሚታዘዝ አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ላይ እጁን ሲያጠብቅ ምኒልክ ተቈጡ፤ በገንዘብ እጦትና በኃያላኑ ንትርክም ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉት ውል ውስጥ የባቡሩ ጉዳይ ዋና ነጥብ ነበረ፤ ውሉም ንጉሠ ነገሥቱ ሳይጠየቁ የተዘጋጀ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ወራት በሕመም ላይ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቢቀጥልም፣ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ ገና ከዋና ከተማቸው አልደረሰም ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ፣ ሌሊቱን በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያደረ፣ በሦስት ቀን ይጨርስ ጀመር።

አንኮበር ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሰው እየራቃት ሄደ። በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ በስተው አለፉ፤ ያም መንገድ አንኮበርን በስተ ቀኙ ትቶ ሄደ። ከአዲስ አበባ ወደ ጓሳ የሚጓዝ ሰው ዛሬም ከዚያው ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መንዝ ይወጣል።