ሻምበል አበበ ቢቂላ እና የኖርዌይ በረዶ

እኛ በረዶ ስንል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ማለታችን ነው። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ አካባቢ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ቢታይም ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይጠፋል። የሰሜን አውሮፓ በረዶ ግን ሌላ ነው። ለወራት እየተደራረበ ይከመራል፤ ንጣፎቹ በደንብ ካልተያያዙ ተዳፋት ላይ ድንገት ተንዶ ሰው ይቀብራል። አበበ ቢቂላ እንዲህ ዓይነት በረዶ ባለበት አገር ተወዳድሮ ማሸነፉን፣ ያውም መራመድ ካቆመ በኋላ፣ ብዙ ሰው አያውቅም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ክብር ዘበኛ ገብቶ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሠለጠነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2:15:16 አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ሁለት ወር ሳይሞላው በ2:12:11 ደገመው።

መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን አልዳኑም። እሱ እቴ፣ አርፎ አልተቀመጠም። በ1962 ዓ.ም. እዚያው በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ።

በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ስሌጅ የ25 እና የ10 ኪሎ ሜትር ውድድሮችን አሸነፈ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጤነኛ ሰው እግሩ ሲቀዘቅዝ ያመዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወደ ቤት ይገባል። የጀርባ አጥንቱ ነርቭ የተጎዳ ሰው ግን ከጉዳቱ በታች ብርዱ ላይሰማው ይችላል፤ ጣቱ በውርጭ ቢሞት እንኳ የሚያውቀው ዘግይቶ በዓይኑ ሲያይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ተጓዥ እግሩን በደንብ መሸፈንና ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። ዛሬ ሱሉልታ ላይ በጠዋቱ ውርጭ የሚሮጡ ወጣቶች የሮምን ድል ሲሰሙ አድገዋል። የኖርዌዩ ድል ግን በዊልቸር ለሚሄደው ወጣትም የሚነገር ነውና አብሮ ሊነገር ይገባዋል።