እሌኒ፦ በምክር የመምራት ትምህርት

የአንድ የትምህርት ተቋም ጥንካሬ በሕንፃው ግዝፈት ወይም በመሪው ማዕረግ ብቻ አይለካም። ውሳኔ በማን ዘንድ እንደሚበስል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመክር፣ ኀላፊነት እንዴት እንደሚከፋፈል ጭምር መታየት አለበት። ዛሬ ስለ ዩኒቨርሲቲ ሴኔትና ስለ ትምህርት ክፍል ጉባኤ ሥልጣን የሚነሣው ክርክር ከባሕር ማዶ የተቀዳ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። እኛ ግን ጥያቄው በገዛ ታሪካችን ውስጥ ሥር ያለው መሆኑን እናምናለን። ይህንንም ለማስረዳት በጎጃም ደጋ በመርጡለ ማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሳነፀችውን የንግሥት እሌኒን ሕይወት እንመረምራለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሌኒ የሐድያ ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የገባችው ለሁለቱ አገሮች ፖለቲካዊ ትስስር ሲባል በተፈጸመ ጋብቻ ነው። ከ1434 እስከ 1468 በነገሠው በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የቀኝ በዓልቴሐት በሚባለው ማዕረግ ተሾመች። በ1468 ዘውድ የጫነው ዐፄ በእደ ማርያም እናቱ ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር እሌኒን እንደ እናት አከበራት። ከእስልምና ቤተሰብ ተወልዳ፣ በማታውቀው ቤተ መንግሥት ዐድጋ፣ የስድስት ነገሥታትን ዘመን ያየች ይህች ሴት ተሰሚነቷን ያገኘችው በሠራዊት ብዛት አልነበረም። በዕውቀቷ፣ በጥንቃቄዋና ተቃራኒ ወገኖችን በአንድ ሸንጎ ለማስቀመጥ ባላት ችሎታ ነው። ለድንግል ማርያም የተደረሱ የግእዝ የምስጋና መጻሕፍት በስሟ መጠራታቸውም ከምሁራን ጋር የነበራትን ቅርበት ያሳያል።

በእደ ማርያም በ1478 ሲያርፍ ልጁ እስክንድር ገና ሕፃን ነበር። መንግሥቱን በሞግዚትነት እንዲመሩ የተሰየሙት ሰዎች ሥልጣኑን በጋራ እንዲይዙት ቢታሰብም፣ ጊዜ ባለፈ ቁጥር ኀይሉ በቢትወደድ ዐምደ ሚካኤል እጅ እየተከማቸ ሄደ። የዚህም ፍጻሜ የቢትወደዱ ውድቀት ሆነ። እስክንድር በ1494 ሲሞትም ዘውዱ ላይ የሕፃን ልጁ የዳግማዊ ዐምደ ጽዮን የወራት ንግሥናና የመኳንንት ጠብ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ነው ዐፄ ናዖድ የነገሠው። ከዚህ የምንገነዘበው ግልጽ ነው፤ ስሙ የጋራ፣ ግብሩ ግን የአንድ ሰው የሆነ ሸንጎ ሲፈርስ አገርም አብሮ ይናወጣል።

ናዖድ በ1508 ሲሞት ያው ፈተና ተመልሶ መጣ። ወራሹ ልብነ ድንግል የዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። በዚህ ጊዜ በዕድሜ የገፋችው እሌኒ ያለፈውን ስሕተት አልደገመችም። ከንጉሡ እናት ከናዖድ ሞገሳ፣ ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስና ከታላላቅ መኳንንት ጋር በመምከር መንግሥቱን ያዘች። የዘውድ ሽግግሩም እንደ ቀድሞው ደም ሳያፋስስ ተፈጸመ። የቀይ ባሕር የኀይል ሚዛን እየተለወጠ መሆኑን በማየትም፣ በ1509 ገደማ አርመናዊውን ነጋዴ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። ማቴዎስ በ1512 ሕንድ ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። ምላሽ ይዞ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ጓድ ግን የኢትዮጵያን ምድር የረገጠው በ1520 ነበር። ዐሥር ዓመት የፈጀ ጉዳይን ውጥኑን ይዞ መቆየት የሚችለው በአንድ ሰው ስሜት ላይ ያልተመሠረተ አመራር ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ መርጡለ ማርያም እንመለስ። መርጡል በግእዝ አዳራሽ ማለት ነው። ትውፊቱ የስፍራውን ጅማሬ እስከ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሰዋል፤ በታሪክ ጎልቶ የሚታየው ግን የእሌኒ ሥራ ነው። በጎጃም ሰፊ ርስት የነበራት እሌኒ በዚያ ያሳነፀችው ቤተ ክርስቲያን የዘመኑን ብልሃት ሁሉ ያስተባበረ ነበር። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደተረከው፣ ለመንበሩ ሥራ አገሩ እንዳይመለስ ተከልክሎ በኢትዮጵያ ይኖር የነበረውን ፔሮ ዳ ኮቪልያን አስጠርታ ዕውቀቱን ተጠቅማበታለች። ባለሙያን ከየትም ይምጣ ከየት በሙያው ማሠራት የመሪነቷ መለያ ነበር።

የመርጡለ ማርያም አለቃ የሚጠራበት ማዕረግ ርእሰ ርኡሳን ነው፤ የአለቆች አለቃ እንደማለት። ማዕረጉ ራሱ ከአንዱ አለቃ በታች ሌሎች አለቆች መኖራቸውን ያምናል። በአድባራትና በገዳማት ልማድ ገበዙ ንብረቱን ይጠብቃል፤ መሪጌታው ማኅሌቱን ይመራል፤ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን እያንዳንዳቸው በጉባኤያቸው የበላይ ናቸው። ደቀ መዝሙሩን አብቅቶ የሚያስመርቀው መምህሩ እንጂ አስተዳዳሪው አይደለም። አስተዳዳሪው የቅኔ መምህሩን ወንበር ተቀምጦ ልፍረድ ቢል ሊቃውንቱ አይቀበሉትም። በእኛ አስተያየት በዛሬው ቋንቋ የትምህርት ነጻነትና የጋራ አስተዳደር የሚባለው ፍሬ ነገር በከፊል በዚህ ልማድ ውስጥ ይገኛል።

ይህን ስንል ግን ያለፈውን ሥርዓት ማስዋባችን አይደለም። የእሌኒ ሸንጎ የመኳንንትና የካህናት ሸንጎ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን በላቡ ያቆመውና ለደብሩ መሬት የገበረው ገበሬ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። አንዲት ሴት ያሳነፀችው ደብር የቅኔ ጉባኤ ለሴቶች ልጆች በሩን እምብዛም አልከፈተም። የገባርና የባለጉልት ግንኙነት በሕግ ያከተመው የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት በሆነበት በ1975 ነው። ስለሆነም ከእሌኒ የምንወስደው ዘዴውን እንጂ የመደብ ወሰኑን አይደለም።

የሕይወቷ የመጨረሻ ምዕራፍ ትምህርቱን ይበልጥ ያጠነክረዋል። ልብነ ድንግል ለአካለ መጠን ደርሶ በ1517 በአዳሉ መሪ በማሕፉዝ ላይ ድል ከተቀዳጀ በኋላ በራሱ ኀይል ተመካ፤ የአሮጊቷ ንግሥት ምክርም እየራቀ ሄደ። በ1520 የመጡት መልእክተኞች የእሷ ጥሪ ውጤት ቢሆኑም በቀዝቃዛ መንፈስ ተቀበላቸው፤ ለዓመታትም አቆያቸው። እሌኒ በ1522 ገደማ ዐረፈች፤ ታላቁም ታናሹም እናትና አባቱን እንዳጣ አለቀሰላት። ከሰባት ዓመት በኋላ በሽምብራ ቁሬ የንጉሡ ሠራዊት በኢማም አሕመድ ተሸነፈ፤ ጦርነቱም ጎጃም ደርሶ መርጡለ ማርያምን ለዝርፊያና ለቃጠሎ ዳረጋት። የሽንፈቱ ምክንያት ምክር መናቅ ብቻ ነው ማለት ታሪክን ማቃለል ይሆናል። ቢሆንም አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሸንጎ የሌለው መሪ አደጋውን የሚያየው ከደረሰበት በኋላ መሆኑ አይካድም።

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችንም ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያድግ የመምህራን ጉባኤ ነበረው፤ በላዩ ላይ ግን ቻንስለሩ ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1977 ከፍተኛ ትምህርትን ከማዕከል የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1993 ከአርባ በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ፤ የነሱ ወንበር ባዶ መሆን የዕውቀት ቅብብሎሹን ምን ያህል እንደጎዳ ተማሪው ያውቃል። በ2009 እና በ2019 የወጡት አዋጆች ለሴኔትና ለሥራ አመራር ቦርድ ድርሻ ሰጥተዋል፤ በ2023ም ራስን የማስተዳደር ሕግ ወጥቷል። ከመርጡለ ማርያም በማይርቀው በደብረ ማርቆስም ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ። የአዋጅ ቃል ግን ብቻውን ጉባኤን ሕያው አያደርግም።

ከእሌኒ ሕይወት ሦስት ቁም ነገሮችን እንወስዳለን። አንደኛ፣ ሸንጎ የሚሰየመው የተወሰነውን ለማጽደቅ ሳይሆን ከውሳኔ በፊት ለመምከር ነው። ሁለተኛ፣ የሙያ ፍርድ ለባለሙያው ይተዋል፤ ማን እንደሚያስተምርና ማን ለመመረቅ እንደበቃ የሚወስነው መምህሩና የትምህርት ክፍሉ እንጂ ጽሕፈት ቤት አይደለም። ሦስተኛ፣ የጋራ ሥልጣን የጋራ ተጠያቂነት ስለሆነ መምህሩም በጉባኤ ተገኝቶ የመናገርና የተወሰነውን የመፈጸም ግዴታ አለበት። በስብሰባ ዝም ብሎ በመተላለፊያው የሚያማ ምሁር ሥልጣኑን በገዛ እጁ አስረክቧል።

እሌኒ ያሳነፀችው አዳራሽ ተቃጥሎ በ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደገና ታንጿል፤ እሱም ፈርሶ ዛሬ ፍርስራሹ ይታያል። ድንጋይ ይወድቃል፣ እንደገናም ይካባል። የመምከር ልማድ ግን አንዴ ከጠፋ በአዋጅ ብቻ አይመለስም። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ያለ መሪም መምህርም የጉባኤውን ወንበር በንቃት ሊጠብቅ ይገባል።