ሳሙኤል ቤከር፦ የአትባራን ጎርፍ እስከ ምንጩ ዝናብ የተከተለው ተጓዥ

ከሁመራ ማዶ፣ ተከዜ ሰቲት በሚባልበት ዳርቻ የምትገኘው ሐምዳይት ስሟ የገነነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተው ወንዙን በተሻገሩ ስደተኞች ነው። ከዚያ 160 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በዚሁ የወንዝ አገር የተዘዋወረው ሌላ ጥያቄ ይዞ ነበር፦ ግብፅን በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው ውሃ ከየት ይመጣል?

ቤከር በ1821 ለንደን ውስጥ ተወለደ። በሴሎን እርሻ የመሠረተ፣ አደን የሚወድ ባለጸጋ ነበር። የጉዞ አጋሩን ፍሎረንስን ያገኛት ቪዲን በተባለችው የኦቶማን ከተማ ለባርነት ልትሸጥ ቀርባ ሳለ ነው። ሁለቱ በሚያዝያ 1861 ከካይሮ ተነሱ።

አትባራ ሲደርሱ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ጉማሬውም አዞውም በቀሩት ኩሬዎች ታጭቋል። ሰኔ 23 ሌሊት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የአካባቢው ሰዎች ግን ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ በጨለማው እየሮጡ አሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ። ሲነጋ 450 ሜትር ገደማ ስፋትና 5 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ወንዝ ይፈስ ነበር። እዚያ አንዲት ጠብታ አልወረደችም፤ የዘነበው በኢትዮጵያ ደጋ ነው።

ቤከር ክረምቱን ሶፊ በተባለች መንደር አሳለፈ። ቀጥሎም ዝሆንን በሰይፍ ከሚጥሉት የሐምራን አዳኞች ጋር ሰቲትን ተከትሎ ወጣ፤ አንገረብን፣ ረሃድንና ዲንደርን አይቶ በሰኔ 1862 ካርቱም ገባ። ድምዳሜው ግልጽ ነበር፦ ነጭ ዓባይ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ያቆየዋል፤ ጎርፉንና ጥቁሩን ደለል የሚያመጡት ግን ከኢትዮጵያ የሚወርዱት ጥቁር ዓባይና አትባራ ናቸው። ውሃው ከደጋ እንደሚመጣ እረኛውም አያጣውም፤ የቤከር ድርሻ ወንዞቹን አንድ በአንድ ተከትሎ በ1867 በመጽሐፍ ማስፈሩ ነው።

በ1864 አልበርት ብሎ የሰየመው ሐይቅ ዘንድ ደረሰ፤ ኋላም የግብፁን ኸዲቭ አገልግሎ በ1893 አረፈ።

የመጀመሪያዋ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ታይሮስ 1 የመጠቀችው በ1960 ነው። ዛሬ የሜቴዎሳት ሳተላይቶች እሱ ዓመት የፈጀበትን አገር በየጥቂት ደቂቃው ያነሳሉ። የደመናው አናት በቀዘቀዘ ቁጥር ከፍ ብሎ መውጣቱን ስለሚያሳይ፣ ባለሙያዎች ከባድ ዝናብን ከዚያ ይገምታሉ። ይሁንና በተራራ ላይ ብዙም ሳይቀዘቅዝ የሚዘንብ ደመና አለ፤ ይህ ከላይ ሲታይ ቀላል መስሎ ያልፋል። ስለዚህ በላስታና በሰሜን ተራሮች ዝናቡን መሬት ላይ የሚለካ ሰው ዛሬም ያስፈልጋል፤ ታች ሰቲት ዳር የሚኖረው ሰው እንደዚያች ሌሊት ከጥርት ሰማይ በታች ሊተኛ ይችላልና።