የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ፤ የኮሜዲያኑ ፒተር ሴለርስ ሕይወት

“ፒንክ ፓንተር” ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ያ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሮዝ ቀለም ያለው የካርቱን እንስሳና አብሮት የሚሰማው የሳክስፎን ዜማ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነገሩ ካርቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዋናው “ፒንክ ፓንተር” ግን እ.ኤ.አ. በ1963 በሰዎች የተሠራ ኮሜዲ ፊልም ነው። ካርቱኑ መጀመሪያ የተሣለው የፊልሙን መግቢያ ለማድመቅ ነበር፤ በኋላ ነው ራሱን ችሎ የወጣው። ፊልሙ እስካሁን እንዲታወስ ካደረጉት ሰዎች ደግሞ ዋናው እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ፒተር ሴለርስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴለርስ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1925 በደቡብ እንግሊዝ፣ በፖርትስማዝ ከተማ፣ ሳውዝሲ በሚባል ሠፈር ተወለደ። አባቱ ቢልና እናቱ ፔግ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የመድረክ ትርዒት የሚያሳዩ ሰዎች ነበሩ። የወጣለት ስም ሪቻርድ ሄንሪ ነው፤ ቤተሰቡ ግን የሚጠራው ፒተር እያለ ነው። ፒተር ደግሞ ከሱ በፊት ሞቶ የተወለደው ወንድሙ ስም ነበር። እናቱ አይሁድ፣ አባቱ ፕሮቴስታንት፣ የተማረበት ትምህርት ቤት ደግሞ የካቶሊክ ነው። እንግዲህ ሰውየው ገና ከልጅነቱ የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ፣ ሙሉ በሙሉ የዚህኛው ወገን ነኝ ሳይል ነው ያደገው። እናቱ ለአንድ ልጇ የነበራት ፍቅር ልክ አልነበረውም። የፈለገው ሁሉ ይደረግለት ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይልን ተቀላቀለ። ግን አብራሪ አልሆነም። ከበሮ መምታትና ሰው ማስመሰል ስለሚችል ወታደሮችን የሚያዝናና ቡድን ውስጥ ገብቶ እስከ ሕንድና በርማ ድረስ ዞረ። የአለቆቹን አነጋገር እየቀዳ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር። አልፎ ተርፎም የመኮንን ልብስ ለብሶ ከመኮንኖቹ ጋር ይቀመጥ እንደነበር ይነገራል።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ጠፋ። በቢቢሲ ሬዲዮ ለመግባት ላይ ታች ቢልም የሚሰማው አላገኘም። በ1948 ግን አንድ ዘዴ መጣለት። በዚያን ጊዜ ኬኔት ሆርንና ሪቻርድ መርዶክ የሚባሉ በጣም የታወቁ የሬዲዮ ሰዎች ነበሩ። ሴለርስ ለሮይ ስፒር፣ ለቢቢሲው ፕሮዲዩሰር፣ ስልክ ደወለና የሁለቱንም ድምፅ እየቀያየረ ስለ አንድ ተስፋ የሚጣልበት ወጣት አወራለት። ወጣቱ ራሱ ሴለርስ ነው! በመጨረሻ እውነቱን ሲናገር ፕሮዲዩሰሩ ቢናደድም ሥራውን ከመስጠት አልተመለሰም። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው ነገር ያለ ይመስለኛል። በስልክ የሰማነው ድምፅ የታወቀ ስለሆነ ብቻ ምንጩ ተረጋግጧል ማለት አይደለም።

ከ1951 እስከ 1960 በቢቢሲ የተላለፈው “ጎን ሾው” የተባለው ፕሮግራም ስሙን በመላ እንግሊዝ አስጠራው። ከስፓይክ ሚሊጋንና ከሃሪ ሴኮም ጋር ሆኖ ይሠራ ነበር፤ እሱ ብቻውን ሽማግሌም፣ ልጅም፣ መኮንንም፣ ወንበዴም ሆኖ ይናገራል። ከዚያ ወደ ፊልም ተሻገረ። በ1959 “አይም ኦል ራይት ጃክ” በተሰኘው ፊልም ላይ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ሆኖ ተጫወተና የእንግሊዝን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወሰደ።

አሁን ወደ ፒንክ ፓንተር እንምጣ። የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው። ፒንክ ፓንተር የአልማዝ ስም ነው፤ ውስጡ ያለው እንከን የሚዘል ፓንተር ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ባለቤቷ ልዕልት ዳላ ትባላለች። ይህን አልማዝ ሊሰርቅ ያቆበቆበው፣ በዴቪድ ኒቨን የተተወነው ሰር ቻርልስ ሊተን፣ ከላይ ሲያዩት የተከበረ ጨዋ ሰው ነው። ሌባውን የሚያድነው ደግሞ ፈረንሳዊው መርማሪ ክሉዞ ነው። ምስኪኑ ክሉዞ ግን የገዛ ሚስቱ የሌባው ውሽማና ተባባሪ መሆኗን አያውቅም።

ፊልሙ ሲታቀድ ዋናው ሰው ሌባው ነበር። ክሉዞን እንዲጫወት የተመረጠውም ፒተር ኡስቲኖቭ የሚባል ሌላ ተዋናይ ነው። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ኡስቲኖቭ ጥሎ ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ ጣሊያን አገር ላይ ጉድ ሆነ። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ በምትኩ ሴለርስ ተጠርቶ መጣ። ሴለርስ እንደተናገረው የክሉዞን መልክ ያገኘው ከክብሪት ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ላይ በ1875 የእንግሊዝን ቻናል በዋና ያቋረጠው የካፒቴን ዌብ ምስል ነበረበት። ትልቅ ፂሙን አየና ክሉዞ እንደዚህ ኩሩ መሆን አለበት ብሎ ወሰነ።

በእኔ አስተያየት የክሉዞ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። መውደቅማ ማንም ይወድቃል። ክሉዞ ግን ወድቆም ክብሩን አይጥልም። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ቢሮው ውስጥ ያለውን ሉል ያሽከረክርና በቁም ነገር እየተናገረ እጁን ሊያሳርፍበት ሲል ተንሸራቶ ይዘረራል። ተነስቶም ምንም እንዳልተፈጠረ ንግግሩን ይቀጥላል። እኛን የሚያስቀን መውደቁ ሳይሆን አልወደቅኩም ማለቱ ነው። ደግሞም እናዝንለታለን፤ ምክንያቱም ሁላችንም አንድ ቀን ሰው ፊት አደናቅፎን ያልተደናቀፍን መስለን አልፈናል። በፊልሙ መጨረሻ አልማዙ ፍርድ ቤት ውስጥ ከክሉዞ ኪስ ዱብ ይልና ሌባው ቀርቶ መርማሪው ይታሠራል። ፊልሙን የሰረቀው ግን ሌባው ሳይሆን ሴለርስ ሆነ። ወዲያው በ1964 ክሉዞ ዋና ገፀ ባህሪ የሆነበት “ኤ ሾት ኢን ዘ ዳርክ” ወጣ። በዚያው ዓመት በስታንሊ ኩብሪክ “ዶክተር ስትሬንጅላቭ” ላይ የእንግሊዝ መኮንን፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንትና የጀርመን ሳይንቲስት ሆኖ ሦስት ሰው ተጫወተ። ለኦስካርም ታጨ።

ስሙ እዚህ ጣራ ላይ በደረሰበት ወቅት፣ ኤፕሪል 1964፣ ገና በ38 ዓመቱ ልቡ ደጋግሞ መታው። ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ጤናው ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ቤቱስ? አራት ጊዜ አግብቷል፤ ሦስቱ በፍቺ አልቀዋል። ማይክል፣ ሣራና ቪክቶሪያ የሚባሉ ሦስት ልጆች ነበሩት። ማይክል ስለ አባቱ በ1981 መጽሐፍ አሳትሟል። ትንሽ ልጅ እያለ የአባቱ መኪና ላይ ያየውን ጭረት ላሳምር ብሎ ቀለም ሲቀባ አባትየው በንዴት ክፉኛ እንደቀጣው አውርቷል። በአገራችን የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ሴለርስ በየቃለ ምልልሱ ደጋግሞ ይናገረው የነበረ አንድ ነገር አለ፤ ከሚጫወታቸው ገፀ ባህርያት ውጪ የራሴ የምለው ማንነት የለኝም ይል ነበር። ብዙዎች ይህን እንደ ታላቅ ምስጢር ይጽፉታል። እኔ ግን ትንሽ እጠራጠራለሁ። ማንነት የለኝም ማለት ለተዋናይ ጥሩ ወሬ ይሆናል፤ ለአባት ግን ማምለጫ ሊሆን አይችልም። ልጁን የቀጣው እጅ የክሉዞ እጅ አልነበረም። በሌላ በኩል ደግሞ ውሸቱን ነው ለማለትም ይከብደኛል፤ ሁሉን መምሰል የሚችል ሰው ብቻውን ሲሆን ማንን እንደሚመስል እኛ የት እናውቃለን?

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ፊልሞቹ ከሰሩ። በ1975 እንደገና ያቆመው ያው ክሉዞ ነው። የልቡ ፊልም ግን በ1979 የወጣው “ቢይንግ ዜር” ነው። ይህን ፊልም ለመሥራት ለዓመታት ደጅ ጠንቷል። ታሪኩ ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ግቢ ወጥቶ የማያውቅ፣ ዓለምን በቴሌቪዥን ብቻ ያየ አትክልተኛ ነው። ባዶነቱን ባለሥልጣናት እንደ ጥበብ ይቆጥሩለታል። በዚህ ፊልም ላይ ሴለርስ ፂም የለው፣ መውደቅ የለው፣ ድምፅ መቀያየር የለው፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። ጎልደን ግሎብ ተሸለመበት፤ ለኦስካርም በድጋሚ ታጨ።

ብዙም አልቆየም። ጁላይ 1980 ለንደን ውስጥ ከድሮ የሬዲዮ ጓደኞቹ ከሚሊጋንና ከሴኮም ጋር እራት ሊበሉ ተቀጣጥረው ሳለ በሆቴሉ ልቡ ተመታ። ጁላይ 24 ቀን በ54 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ በሕይወቱ አጥብቆ የሚጠላው “ኢን ዘ ሙድ” የተባለው ሙዚቃ ተከፈተ፤ እንዲከፈት ያዘዘው ራሱ ነበር፤ የመጨረሻ ቀልዱ መሆኑ ነው። ከሀብቱ አብዛኛው ለመጨረሻ ሚስቱ ሄደ፤ ለሦስቱ ልጆች የደረሳቸው እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ ነው።

ከሞተ በኋላም ቢሆን ክሉዞ አልተወውም። በ1982 የቀድሞ ፊልሞቹን ትርፍራፊ ቀረጻ ለቅመው አዲስ ፊልም አወጡ፤ ሚስቱ ከሰሰችና አሸነፈች። በ2006 ደግሞ አሜሪካዊው ስቲቭ ማርቲን ክሉዞን ሆኖ ተጫወተ። ፂሙም አለ፣ መውደቁም አለ። እኔ ግን ሁለቱንም ካየሁ በኋላ የሳቅኩት በአሮጌው ነው።

ስለ ታዋቂ ሰው ስንጽፍ ወይ እናመልከዋለን ወይ እናዋርደዋለን። ሴለርስ ለሁለቱም አይመችም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አስቋል፤ ልጆቹን አስለቅሷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ፊልሙን ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩት፤ ስትስቁ ግን ከፂሙ ጀርባ ያለውን ሰውዬም አስታውሱት። ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። ቸር ይግጠመን!