የቄሱ ንጉሥ አፈ ታሪክና የመተማ ሜዳ
የስኮትላንዳዊው ደራሲ የጆን ባከን ሕይወትና ሥራ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ የደጋውን ነፋስ ወደ ኋላው ትቶ፣ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ወደሚበቅልበት የመተማ ቆላ ይደርሳል። ከከተማይቱ አጠገብ፣ ጠባብ ወንዝ ተሻግሮ፣ የሱዳኗ ገላባት ትገኛለች። ይህ ስፍራ ለብዙ ዘመን ነጋዴው ሰምና ቡና ጭኖ፣ ምእመኑ ወደ መካ ሲገሰግስ፣ ሽፍታው ከአሳዳጆቹ ሲሸሽ፣ ሰላዩም ማንነቱን ለውጦ የተላለፉበት የአገር በር ነው። የጀብዱ ደራሲ የሚመኘው ሁሉ በዚያ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ባለ ታሪክ የተወለደው ግን ከመተማ እጅግ በራቀ አገር ነው። ጆን ባከን የስለላ ልብ ወለድን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ካቆሙት ጥቂት ደራስያን አንዱ ነበር። ሁለቱን ታዋቂ መጻሕፍቱን የሠራው በሁለት ሐሳቦች ላይ ነው፤ አንደኛው ክህነትንና መንግሥትን አስተባብሮ የያዘ የአፍሪቃ ክርስቲያን ንጉሥ፣ ሁለተኛው በቅዱስ ሰው ስም የሚነሣ የእስልምና ጦር ናቸው። እርሱ በምናብ የጻፋቸው እነዚህ ሁለት ኃይሎች፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ በመተማ ሜዳ በእውነት ተገናኝተው ነበር። የደራሲውን ሕይወት ከዚህ ሜዳ ሆኖ መመልከት ለእኛ ልዩ ትርጉም የሚኖረው ስለዚህ ነው።

ባከን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን 1875 ፐርዝ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የነጻይቱ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ በባሕር ዳር ወዳለው ወደ ፋይፍ አውራጃ ተዛወረ። ሕፃኑ በ5 ዓመቱ ከጋሪ ወድቆ ራሱ ክፉኛ በመጎዳቱ ለረጅም ጊዜ ከአልጋ ሳይነሣ ቆየ፤ ጠባሳውም እስከ ዕለተ ሞቱ ከግንባሩ አልጠፋም። በክረምት ዕረፍት ግን ከእናቱ ወገኖች ዘንድ ሄዶ ከበግ እረኞች ጋር በትዊድ ወንዝ ሸለቆ ይውል ነበር። ኋላ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚሸሹና የሚሳደዱ ሰዎች የሚሮጡበትን ኮረብታና ረግረግ ጠንቅቆ ያወቀው በዚያ ነው።

በግላስጎ ከተማ ተምሮ በ17 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከዚያም ወደ ኦክስፎርድ ተሻገረ። የቤተሰቡ ሀብት አነስተኛ ስለነበር ገና ተማሪ ሳለ በብዕሩ ገቢ ራሱን መርዳት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1898 ያሳተመው ታሪካዊ ልብ ወለድ በ17ኛው ምዕተ ዓመት የስኮትላንድ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነበር። ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ለመሆን ቢበቃም ልቡ በመጻፍና በመንግሥት ሥራ መካከል እንደተከፈለ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ1901 ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተጠርቶ ሄደ። በዚያ ጊዜ እንግሊዝና ቦኤሮች እየተዋጉ ነበር፤ የቦኤር ሴቶችና ሕፃናት በታጎሩባቸው ሰፈሮች በሽታ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይፈጅ ነበር። ባከን የእንግሊዝ ገዥ የሎርድ ሚልነር ጸሐፊ ሆኖ የእነዚህን ሰፈሮች ይዞታ በማሻሻልና ከጦርነቱ በኋላ ገበሬዎችን መልሶ በማስፈር ሥራ እስከ 1903 ቆየ። ከአፍሪቃ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ፤ አንደኛው ለምድሪቱ ያደረበት ፍቅር ሲሆን፣ ሁለተኛው የነጭ አገዛዝ ለአፍሪቃ ይበጃል የሚለው የዘመኑ እምነት ነበር። ፍቅሩም እምነቱም እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣው «ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ።

የመጽሐፉ ስም እኛን በቀጥታ የሚነካ ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ፣ ከእስላም አገሮች ባሻገር ቄስም ንጉሥም የሆነ ዮሐንስ የሚባል ኃያል ክርስቲያን አለ የሚል ወሬ ተሰራጨ። አገሩ በመጀመሪያ በእስያ ይፈለግ ነበር፤ በኋላ ግን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እርሱ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ፔሮ ዳ ኮቪልያን የተባለ ዐረብኛ ዐዋቂ ሰላዩን ነጋዴ አስመስሎ ላከ። ሰውየው ቀይ ባሕርንና ህንድን ዞሮ ከቤተ መንግሥታችን ደረሰ፤ በክብር ተቀበሉት፣ ርስትም ሚስትም ሰጡት፣ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ግን ከለከሉት። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 ሲመጡ በዚሁ አገር አርጅቶ አገኙት። ስለላና ኢትዮጵያ በጽሑፍ ከተገናኙባቸው ቀደምት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው።

ባከን ይህን አፈ ታሪክ ወደ ደቡብ አፍሪቃ አዞረው። የልብ ወለዱ ተራኪ ዴቪድ ክሮፎርድ የተባለ የስኮትላንድ ወጣት ነው። ላፑታ የተባለው የተማረና አንደበተ ርቱዕ ጥቁር ሰባኪ የቄሱ ንጉሥ ወራሽ ነኝ ብሎ፣ ከኢትዮጵያ ነገሥታት የተላለፈ የሚባለውን የቀይ ዕንቁ ሐብል በአንገቱ አጥልቆ፣ ሕዝቡን በነጮች ላይ ያስነሣል። ካፒቴን አርኮል የተባለው የእንግሊዝ የስለላ ሹም ደግሞ ሽማግሌ አፍሪቃዊ መስሎ ይከታተለዋል። በመጨረሻ ላፑታ ቆስሎ ሐብሉን እንዳጠለቀ ወደ ገደል ራሱን ይጥላል።

ይህ ታሪክ ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1892 በፕሪቶሪያ ጥቁር ሰባክያን ከነጮቹ ሚሲዮን ተለይተው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ ስሟን ኢትዮጵያዊት ብለዋት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የዓድዋ ድል ለዚህ ስም አዲስ ኃይል ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1906 በናታል የዙሉ ዐመፅ በተነሣ ጊዜም ብዙ ነጮች ኢትዮጵያዊነት የሚባለውን እንቅስቃሴ ይፈሩት ነበር። ባከን የዚህን ፍርሃት ምንጭ ተገንዝቦ ልብ ወለድ አደረገው። ላፑታን ግርማ ያለው፣ አሳዛኝም ጀግና አድርጎ ሥሎታል፤ ነገር ግን ፍርዱን ከነጮቹ ወገን ሆኖ ፈረደበት። የኢትዮጵያ ስም በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ዕንቁው ሐብል ያብረቀርቃል እንጂ ኢትዮጵያዊ ሰው በውስጡ አይናገርም።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ባከን በጨጓራና በአንጀት ቁስል ታሞ ተኝቶ ነበር። በአልጋ ላይ ሆኖ የጻፈው «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» እ.ኤ.አ. በ1915 ወጣ። ያልሠራው ግድያ የተለጠፈበት ሪቻርድ ሐኔ የተባለ ሰው፣ በአንድ በኩል ፖሊስ በሌላ በኩል የጠላት ሰላዮች እያሳደዱት ምስጢር ፍለጋ ይሮጣል። አንድ ተራ ሰው ሳያስበው ከመንግሥታት ምስጢር መካከል ሲወድቅ ማሳየት፣ ከዚያ ወዲህ ለመጡት የስለላ ደራስያን መንገድ ጠርጓል፤ መጽሐፉንም አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1935 ፊልም አድርጎታል። ጸሐፊው ራሱም በጦርነቱ ውስጥ የጦሩን ታሪክ በ24 ክፍሎች ከመጻፉም በላይ እ.ኤ.አ. በ1917 የእንግሊዝ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት ታናሽ ወንድሙ አላስተር በፈረንሳይ ግንባር ወደቀ።

እ.ኤ.አ. በ1916 የታተመው «አረንጓዴ ካባ» የሐኔ ሁለተኛ ታሪክ ነው። ጀርመንና ቱርክ አንድን ቅዱስ ሰው መሣሪያ አድርገው የምሥራቅን ሙስሊሞች ለጂሃድ ለማስነሣት ሲያሤሩ፣ ሐኔና ጓደኞቹ ማንነታቸውን ለውጠው እስከ ኤርዙሩም ይጓዛሉ። ለእንግሊዝ አንባቢ ይህ አስደሳች ሥጋት ነበር፤ የሱዳኑን የመሐዲ ንቅናቄም የሚያስታውስ ነበር። ለጎንደርና ለመተማ ሰው ግን ነገሩ ቤቱ የተቃጠለበት ታሪክ ነው።

በሱዳን መሐመድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1881 መሐዲ ነኝ ብሎ በግብፅ አገዛዝ ላይ ተነሣ። የግብፅን ጦር ለማስወጣት ወደ ካርቱም የተላከው እንግሊዛዊው ጀኔራል ጎርዶን ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም፤ በ1872 ዓ.ም. የግብፅ ገዥ መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተነጋግሮ፣ ሳይስማሙ ተለያይተዋል። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ዓድዋ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ውል ተፈራረመ። ኢትዮጵያ በመሐዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በአገሯ በኩል እንዲወጣ ትረዳለች፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላታል፣ በምጽዋም ዕቃዋ ያለ ቀረጥ ይተላለፋል ተባለ።

ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። የገላባት የግብፅ ጦር በኢትዮጵያውያን እርዳታ ከከበባው ወጥቶ በአገራችን በኩል ወደ ምጽዋ ተሸኘ። ጎርዶን በጥር 1877 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተገደለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች፤ ከመሐዲስቶች ጋር የተገዛው ጠላትነት ግን ለኢትዮጵያ ቀረ። በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ። በዓመቱ አቡ አንጃ የተባለው የመሐዲስቶች አዛዥ ደምቢያ ገብቶ ንጉሡን ሣር ውኃ ላይ ድል አደረገ፤ ጎንደርንም አቃጥሎና ዘርፎ ተመለሰ።

ዐፄ ዮሐንስ ከባሕሩ ወገን ኢጣሊያ፣ ከቆላው ወገን መሐዲስት ተነሥቶባቸው ሳለ ፊታቸውን ወደ መተማ መለሱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ጦራቸው ዘኪ ቱማል የሚመራው ሠራዊት የመሸገበትን አጥር ጥሶ ገባ። ድሉ ከእጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ፤ እርሳቸውም በማግስቱ ዐረፉ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ደጋ ይመለስ የነበረው ጓዝ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ተደረሰበት፤ የንጉሠ ነገሥቱም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። በሁለት ወር ውስጥ የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በዚያው ክረምት ኢጣሊያ አስመራ ገባች። የአፈ ታሪኩ ንጉሥ ስም ዮሐንስ ነበር፤ በእውነተኛው ሜዳ የወደቁትም የኢትዮጵያ ንጉሥ ስማቸው ዮሐንስ መሆኑ ማንም ደራሲ ሊፈጥረው የማይደፍረው ግጥምጥም ነው።

ባከን ወደዚህ ታሪክ ጫፍ አንድ ጊዜ ቀርቦ ነበር። በሞንትሮዝ፣ በዋልተር ስኮትና በክሮምዌል ሕይወት ላይ የጻፋቸው መጻሕፍት የታሪክ ጸሐፊነቱን አስመስክረውለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1934 «ጎርዶን በካርቱም» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ እንደሚያመለክተው መጽሐፉ የአንድ እንግሊዛዊ ጀግና ፍጻሜ ነው። ከካርቱም መውደቅ በኋላ ዕዳውን የከፈለው የጎንደር ገበሬና በመተማ የቀረው ወታደር ሌላ ጸሐፊ የሚሻ ታሪክ ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1927 የፓርላማ አባል የሆነው ባከን፣ በ1935 ሎርድ ትዊድስሚዩር ተብሎ የካናዳ አገረ ገዥ ሆነ። ሥራውን የጀመረው በኅዳር ወር፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ነው። በካናዳ ሳለ የአገሪቱ ደራስያን ማኅበር በአገረ ገዥው ማዕርግ የሚጠራውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1936 ሲያቋቁም ድጋፉን ሰጠ፤ ሽልማቱም ከእርሱ ዕድሜ አልፎ ኖሯል። አንድ ባለ ሥልጣን ለሙያ ማኅበር ሊያደርግ ከሚችለው ነገር ይህ ከትንሹ የሚቈጠር አይደለም። ጤንነቱ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ የታወከ ነበርና የካቲት 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በሞንትሪያል በ64 ዓመቱ ዐረፈ። ልብ ወለድ፣ የሕይወት ታሪክና ልዩ ልዩ ጽሑፍ ተደምሮ ወደ 100 የሚጠጉ መጻሕፍት ትቷል።

በሞተበት ዓመት የመተማ ቆላ እንደገና የጀብዱ ስፍራ ሆነ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ 101 የተባለውን የምስጢር ተልእኮ እየመራ ከሱዳን በዚሁ አቅጣጫ ገብቶ ወደ ጎጃም አርበኞች ተጓዘ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ስሊም ገላባትን ከኢጣሊያ ቢያስለቅቅም መተማን መያዝ አልቻለም። የእንግሊዞቹ መኮንኖች ስም በብዙ መጻሕፍት ተመዝግቧል። ከእነርሱ በፊት ደብዳቤ በልብሱ ሸሽጎ፣ በሌሊት ከኢጣሊያ ምሽግ ሥር አልፎ ወደ ሱዳን ይመላለስ የነበረው የአርበኛ መልእክተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም።

ባከንን ማንበብ የሚጠቅመን በሁለት በኩል ነው። አንደኛው የእጅ ሙያው ነው፤ ታሪኩን ሳያንዛዛ ይጀምራል፣ መሬቱን ሸለቆ በሸለቆ ያውቃል፣ ባለ ታሪኩም ሲፈራና ሲደክም ይታያል። ሁለተኛው ደግሞ ብዕር ከየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚያይ የሚያስተምረን ማስጠንቀቂያ ነው። በአገራችን ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሰ አያሌ አንባቢዎችን ያፈራ ከመሆኑም በላይ፣ «አሉላ አባ ነጋ»ን ጽፎ ይህ ዓይነት ብዕር ወደ ራሳችን ዘመን ሊዞር እንደሚችል አሳይቷል። ብርሃኑ ዘሪሁንም የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ታሪክ በልብ ወለድ አቅርቦልናል።

የመተማ ጉዳይ ግን ገና ብዙ ብዕር ይፈልጋል። በዓድዋ የተፈረመው ውል፣ ከገላባት የተሸኘው ጦር፣ የተቃጠለችው ጎንደር፣ በአትባራ ዳር የቀረው ጓዝ፣ ስም አልባው መልእክተኛ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚበቁ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ከሰማው አፈ ታሪክ ተነሥቶ የቄሱን ንጉሥ ሐብል ፈጠረ፤ የእውነተኛው ንጉሥ ታሪክ ያለው በእኛ ዘንድ ነውና እርሱን በሚገባ መጻፍ የእኛ ሥራ ነው።