ያልወለደችው እናት፦ የንግሥት እሌኒ ሕይወትና የእኛ ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ኅዳር 21 ቀን የቢቸናና የሞጣ ወጣቶች በአንድነት ሆነን መርጡለ ማርያምን ለመሳለም ሄደን ነበር። ቅዳሴው አልቆ ጠዲቁን ከቀመስን በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ካለው ከጥንቱ ግንብ ፍራሽ አጠገብ ተቀመጥን። ቆሏችንን እየቆረጠምን ስንጨዋወት አንዲት እኅታችን ዝም ብላ ቆይታ አንድ ጥያቄ አነሣች። እናቷ ታመው ከተኙ ዓመት አልፏቸዋል። እርሷም ጾማለች፤ ሱባኤ ይዛለች፤ እናቷን ጠበል አስጠምቃለች፤ ሐኪም ቤትም አመላልሳለች። እናቷ ግን እስከዚያ ቀን አልተነሡም። አንድ ሰው ደግሞ ይህ ሁሉ የሆነው የእምነት ጉድለት ስላለባት እንደ ሆነ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ተከሳሽ ሆና እንደምትቆም አጫወተችን። ሌሊት ሌሊት ጥርጥር ይመጣባታል። እግዚአብሔር ልመናዋን ያልሰማው በዚህ ጥርጥር ምክንያት እንደ ሆነም ጠየቀችን።

እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ወዲያው መልስ የሰጠ አልነበረም። ብዙዎቻችን ያንኑ ጥያቄ በልባችን ይዘን ስንዞር የኖርን ነን። በመጨረሻ አንድ ወንድማችን የተቀረጸውን ድንጋይ አሳየንና ይህን ቤት ስላሠራችው ሴት ሕይወት እንድንነጋገር አሳሰበን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጭውውት የተገኘ ነው።

ንግሥት እሌኒ የሐድያ ተወላጅ ናት። አባቷ ገራድ መሐመድ ይባል ነበር፤ ገራድ ማለት በዚያን ጊዜ የሐድያ ገዥ የሚጠራበት ማዕርግ ነው። ወገኖቿ ሙስሊሞች ነበሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ሚስቱ አደረጋትና እናት አባቷን ትታ ወደ ሌላ አገር፣ ወደ ሌላ ቋንቋና ወደ ሌላ ሃይማኖት መጣች። መጽሐፍ ቅዱስን የምናነብብ ሰዎች እዚህ ላይ ሞዓባዊቷን ሩትን እናስባለን። ሩት ከባዕድ ሕዝብ መጥታ ከዳዊት አያቶች አንዷ ሆናለች። የእሌኒ መንገድ ግን ከሩት መንገድ ይልቅ እሾህ የበዛበት ነበር። ሩትን ቤተ ልሔም በእርሻና በመከር ተቀበለቻት፤ እሌኒን ግን የተቀበላት የነገሥታት ግቢ ነው።

በዚያ ግቢ የነበረውን ፍርሃት ማሰብ ያስፈልጋል። ዘርዐ ያዕቆብ ብዙ የሃይማኖት መጻሕፍት የጻፈ፣ የእመቤታችንን በዓላት ያስፋፋ ንጉሥ ነው። ዳሩ ግን በጣዖት አምልኮ የተከሰሱትን ሰዎች በብርቱ ቀጥቷል፤ ከገዛ ልጆቹ እንኳ ከዚህ ቅጣት ያላመለጡ አሉ። ከሚስቶቹ አንዷ ጽዮን ሞገሳ ለልጇ መንገሥ ትመክራለች ተብላ በተደበደበችው ድብደባ ሞተች። በዚሁ ዘመን የእሌኒ ወንድም ገራድ ማሂኮ በንጉሡ ላይ ዐምፆ ተገደለ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ በአንድ ወገን ባሏ፣ በሌላ ወገን ወንድሟ የቆሙባት ሴት ናት። በቅርቡ የመጣ ሰው ሃይማኖቱ በሚመረመርበት ቤት እርሷ ከባዕድ የመጣች ነበረች። እንዲህ ባለ ስፍራ እምነትን መያዝ ቀላል ነገር ነው ብሎ የሚናገር ሰው ካለ እርሱ መከራን ያላየ ሰው ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. ሲያርፍ በዙፋኑ የተቀመጠው በእደ ማርያም ነበር። እርሱ ያች በድብደባ የሞተችው የጽዮን ሞገሳ ልጅ ነው። እናት አልነበረውም፤ እሌኒም ልጅ አልነበራትም። እናት የሌለው ወጣት ንጉሥና ልጅ የሌላት ንግሥት በዚያ በሐዘን በተሞላ ቤት ውስጥ ተገናኙ። በእደ ማርያም እንደ እናቱ ወደዳት፤ በቤተ መንግሥቱም ከፍ ባለው የንግሥትነት ማዕርግ አስቀመጣት። የዘመኑ ዜና መዋዕል እሌኒ መጻሕፍትን በማንበብ፣ ሕግን በማወቅ፣ የንጉሥን ማዕድ በማዘጋጀት እንኳ የተካነች እንደ ነበረች ይመሰክራል።

እሌኒ በሕይወቷ ሙሉ አልወለደችም። እዚህ ላይ የእኅታችን ጥያቄ ወደ እኛ ይመለሳል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ሐና መካን ሆና በእግዚአብሔር ፊት አለቀሰች፤ ሳሙኤልንም ወለደች። ይህን ታሪክ ሕፃናት ሳለን ጀምሮ ተምረነዋል። ነገር ግን ሳሙኤል ያልተሰጣቸው ብዙ ሐናዎች በየመንደራችን እንዳሉ ማን ይክዳል? እሌኒ ከእነርሱ አንዷ ናት። ባለመውለዷ እምነቷ ጎደሎ ነው የምንል ከሆነ ካህናትና ሕዝብ ሁሉ ያከበሯትን ሴት ልንነቅፍ ነው።

ይልቁንስ በዚያ ባዶ ስፍራ ምን እንዳደረገች እንመልከት። ከዘርዐ ያዕቆብ እስከ ልብነ ድንግል ድረስ የአምስት ነገሥታትን ዘመን አየች፤ ይህም ለጥቂት ወራት ብቻ የነገሠውን ሕፃኑን ዐምደ ጽዮንን ሳንቆጥር ነው። በእደ ማርያም ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። ልጁ እስክንድርም ወጣት ሳለ በ1486 ዓ.ም. አረፈ፤ የእስክንድር ሕፃን ልጅ በነገሠ በወራት ውስጥ ተከተለው። በአገሩ ገዳማት ሁሉ ስለ ነገሥታቱ ይጸለይ ነበር፤ ሞት ግን አልቀረም። ከዚያ ናዖድ ነገሠ፤ ናዖድም በ1500 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ልብነ ድንግል ገና የ12 ዓመት ገደማ ብላቴና ነበረ። ያን ጊዜ አገሪቱን ከብላቴናው ጋር የያዘች አሮጊቷ እሌኒ ናት። ከሆዷ ያልወጡትን ልጆች ለአገር አሳደገች።

በሰይፍ ብቻ አገር እንደማይጠበቅ ታውቅ ነበር። ከዳር አገሮች ጋር በሰላም ለመኖር ትጥር ነበር፤ በባሕሩ በኩል የቱርኮች ኃይል እየጠነከረ መምጣቱን ባየች ጊዜ ግን በ1502 ዓ.ም. ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴን ከደብዳቤና ከጌታ መስቀል ክፋይ ጋር ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። የማቴዎስ መንገድ የመከራ መንገድ ነበር። በህንድ የነበሩ ፖርቱጋላውያን ሰላይ መስሏቸው አንገላቱት፤ እውነተኛ መልእክተኛ መሆኑንም ተጠራጠሩ። በ1506 ዓ.ም. ሊዝበን ደረሰ። የፖርቱጋል መልእክተኞች ከእርሱ ጋር ምጽዋ የወረዱት ግን በ1512 ዓ.ም. ነው። እርሱም በዚያው ዓመት ደብረ ቢዘን ገዳም ደርሶ ሞተ። እሌኒ አንድ መልስ ለማየት 10 ዓመት ጠበቀች። መልሱ ሲመጣም ወጣቱ ንጉሥ በጦርነት ድል ቀንቶት ስለ ነበረ ነገሩን ቸል አለው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ሥራም ነበራት። የጎጃም ብዙ ክፍል የእርሷ ርስት ነበረና ከቢቸና በስተ ሰሜን፣ ከሞጣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በዚህች ስፍራ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራች። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ጴሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ የመንበሩን ሥራ እንዲመራ እርሷ እንዳዘዘችውና መንበሩም ወርቅ የተሞላበት እንደ ነበረ ለአገሩ ሰው ለቄስ አልቫሬዝ ነግሮታል። ወደ ፖርቱጋል የተላከው ጸጋ ዘአብ ደግሞ ንግሥቲቱ እንዚራ ስብሐትና ጸዳለ ፀሐይ የሚባሉ ሁለት መጻሕፍትን እንደ ደረሰች ተናግሯል። ከሐድያ መጥታ ፊደሉን እንደ እንግዳ የተማረች ሴት የምስጋና መጽሐፍ እስከ መድረስ ደረሰች ማለት ነው።

እሌኒ ያረፈችው በ1514 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግል ሠራዊት በግራኝ አሕመድ ድል ሆነ። ጦርነቱ ጎጃም ደርሶ ያ ወርቅ የተሞላበት ቤት ጠፋ። ልብነ ድንግልም በስደት ሆኖ በ1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ሞተ። በዚያችው ዓመት ክረምት ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያን ወታደሮችን ይዞ መጣ፤ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነቱ አበቃ። እሌኒ የላከችው ደብዳቤ ፍሬ ያፈራው እርሷ ከሞተች ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢየሱሳውያን እንደ ገና ታንጾ ነበር፤ እርሱም ፈረሰ። በ1830ዎቹ በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ፍራሹን አይቶ ጽፎለታል። እኛም ጀርባችንን ያስደገፍነው በዚያ ፍራሽ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለጥያቄያችን ምን እናገኛለን?

አንደኛ፤ ጥርጥር የመጣበት ሰው ከእግዚአብሔር ፊት አይባረርም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁ የታመመበት አባት እምነቱንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ለጌታ ነገረው። ጌታም እምነትህ ሲሞላ ተመለስ ብሎ አላሰናበተውም፤ ልጁን ፈወሰለት። እኅታችን ሌሊት የሚመጣባትን ጥርጥር ይዛ መጸለይ ትችላለች፤ ይህም ራሱ ጸሎት ነው።

ሁለተኛ፤ ያልዳነ ሰው ሁሉ ያላመነ ሰው አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መውጊያው አልተነሣለትም፤ ጸጋ ግን ተሰጠው (2 ቆሮ. 12)። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ማን እንደ በደለ ሲጠይቁ ጌታ እርሱንም ወላጆቹንም ከዚህ ክስ ነጻ አወጣቸው። የታመመን ሰው ወይም የታማሚን ልጅ በእምነት ጉድለት የምንከስ ሰዎች ጌታ የዘጋውን የክስ መዝገብ እንደ ገና እየከፈትን ነው። ከመካከላችን ይህን ያደረግን ብንኖር ንስሐ እንግባ።

ሦስተኛ፤ ሐኪምና መድኃኒት የእምነት ጠላት አይደሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም።

አራተኛው የእሌኒ ትምህርት ነው። ልጅ አልተሰጣትም፤ እርሷ ግን ለሌሎች እናት ሆነች። ቄስ አልቫሬዝ እርሷ ባረፈች ጊዜ ሕዝቡ እንደ አባቱና እንደ እናቱ አድርጎ እንዳለቀሰላት ጽፏል። ወንድሟ በጦርነት የሞተባት፣ ልጅ ያላቀፈች፣ ከባዕድ የመጣች ሴት የሁሉ እናት ተባለች። ሐዘኗ ሲጠፋ አላየንም፤ ሐዘኗ ግን ለሌላው ጥላ ሆነ። ይህም አንድ የፈውስ ዓይነት ነው ብለን እናምናለን። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ስንኖርም እነርሱ የእሌኒ የአባቷ ወገን መሆናቸውን አንርሳ።

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ተራ ገባን። በሳምንት ሁለት ሁለት ሆነን ወደ እኅታችን ቤት እንሄዳለን፤ ውኃ እንቀዳለን፤ እንጀራ እንጋግራለን፤ እናቷን ወደ ሐኪም ቤት እናደርሳለን፤ ማታም ውዳሴ ማርያም አብረን እናደርሳለን። እናቷ እስከ ዛሬ ድረስ ከአልጋቸው አልተነሡም። እርሷ ግን ባለፈው እሑድ በመዝሙር ተራ ስፍራዋን ይዛ ቆማ አይተናል። ያቺ ቀን ለእኛ ትንሽ ቀን አይደለችም።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ በእናንተም አጥቢያ እንዲህ ያለች እኅት ወይም ወንድም ሳይኖር አይቀርም። እምነቱን ከመመርመራችሁ በፊት እንስራውን አንሡለት። የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እርሱ ለድውያን ምሕረትን፣ ለተጠራጠሩት ጽናትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።